ደረቅ አሸዋ

በግንቦት ማልደን ከሞጣ ወጣን፤ ቁልቁለቱ ጉልበት በላ፤
ደጋው ብርዱን እላይ ትቶ፣ ወላፈን ሆነ ወደ ቆላ።
ያንዱ ጫማ አፉን ከፈተ፣ አንዱ ውሃውን ጨረሰ፤
ፀሐይ ገደሉን ዞራ ሳትገባ፣ አባይ ከታች ደረሰ።

ድልድዩ ቆሟል፣ ወገቡን ተቆርጦ፣
ኖራው ተልጦ፣ ድንጋዩ ገጥጦ።
ከጎኑ ደግሞ አዲሱ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣
አህያና ሰው ያሻግራል፣ እየተወዛወዘ፣ ችሎ።

መሐሉ ላይ ፎቶ ስንነሳ፣ ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት መጣች፤
"ግድ የለም ተነሱ፣ ማዶው የትም አይሄድ" ብላ ቆመች።

ከታች ለስላሳ አሸዋ አገኘንና ድንኳናችንን ተከልን፤
"እዚህ ነው የሚታደረው!" ብለን እርስ በርስ ተባባልን።

ይሄኔ እንዳላማው መጣ፣ ጋቢውን ባንገቱ ጠምጥሞ፤
ዛሬ የሰፈሩ ጠባቂ ነው፤ ገመድ ሳቢ ነበር ቀድሞ፤
ከዚህኛው ስባሪ ወደዚያኛው ሰው በገመድ እያሻገረ፣
መዳፉ ላይ የገመዱ መንገድ ታትሞ ቀረ።

"ልጆች፣" አለን፣ "ንቀሉት።
ካለቱ በላይ፣ ከግራሩ ሥር ትከሉት።"

"ሰማዩ ጥርት ብሏል እኮ!" አለችው ይታክቱ ስቃ።
"ወንዙ የኛን ሰማይ አይቶ መች ይነቃ?
ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ፣ ቀን ሙሉ ሲወርድ ይውልና፣
ሌሊት እዚህ ይደርሳል፣ ጫማውን እንዳወለቀ ሌባ፣ ኮሽ ሳይል ገና።"

እያጉረመረምን ነቀልን። ካስማው አለት ላይ ነጠረ፤
የግራር ሥር ጎኑን ሲወጋው፣ አንዱ "ፈሪ ሽማግሌ!" ሲል አማረረ።

እኔ አልተኛሁም። ከወንዙ ሆድ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ
እሰማ ነበር፤ በሕልሙ ጥርሱን እንደሚያፋጭ።
ከላይ ሽቦው ይንሿሿል፣ ነፋስ ብቻውን ሲሻገር፤
የእንዳላማው ባትሪ ወርዶ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ወርዶ፣ ውሃውን ሲለካ ነበር።

ነጋ።

አሸዋው ነጭ እንደሆነ፣ ጠብታ ሳይደርስበት፤
የካስማችን አራት ቀዳዳ እንዳለ፣ ባንዱ ጉንዳን ገብቶበት።

"የታለ ጎርፉ፣ አባባ?" አልነው። ሳቅን። እሱም ሳቀ።
ከዚያ ሳቁን እንደ ገመድ ሰብስቦ፣ ወዳሮጌው ድልድይ ዘለቀ፤
"ግድ የለም" አለ፣ "ሺህ ሌሊት ውሸታም ልባል፤
እውነት የተናገርኩባት አንዲቷ ሌሊት ትበቃኛል።"

ሌላ አልጨመረም። ተመልሶ የካስማውን ቀዳዳ ደፈነ፣ አንድ ባንድ፤
ጉንዳኗ ያለችበትን ተወ።
እኛም ያዝን የዳገቱን መንገድ።