ምን ዓይነት ቀይ?

ሐምሌ ላይ፣ ፒያሳ፣ ጣሊያን በሠራው አሮጌ ፎቅ፣
ሥዕል ሊያይ የመጣ ከጫማው ሥር ጭቃ ሲፍቅ፣
በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ደብተር ይዤ የምጠብቅ።

ገቢውን በጭረት እይዛለሁ፤ አራት በቁም፣ አንድ አግድም፤
አምና የአዘዞ ታክሲ ረዳት ነበርሁ፣ «አንድ ሰው ብቻ!» ስል ሳልደክም፣
ዘንድሮ የሚከፈለኝ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ «እሽ… ዝም!»
ለማለት ነው።

የክረምቱ መርሐ ግብር በሩ ላይ ተለጥፏል፤
ዝናብ ጥጉን ልሶት «ነሐሴ» የሚለው ጠፍቷል።
ማክሰኞ ልጆች በከሰል ይሥላሉ፤ ረቡዕ ግድግዳ ይታጠባል፤
ሐሙስ ሠዓሊው ይጠየቃል፤ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል፤
ቅዳሜ፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ፣ «ጉብኝት ለዓይነ ስውራን» ይላል።

ይህን የጻፈችው ትብለጥ ናት፣ አስጎብኚያችን፤
ሦስት ቅዳሜ ማንም ሳይመጣ ሻይ ጠጣን ሁለታችን፤
በአራተኛው አንገረብ ሞላ፤ ትብለጥ ከማዶ ቀረችብን።

ልክ በዚያን ቀን መምህር ጓንጉል!
የቅኔ መምህር አይደሉም፤ ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩት፤
ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ክፍልፋይ ዛሬም በጣታቸው ነው የሚያሰሉት።
ዣንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡ፤ «የሚነግረኝ ማነው?» አሉ፤
«አስጎብኚዋ ቀርታለች፤ እኔ ዘበኛ ነኝ» ብል፣
«ታዲያ ከዘበኛ በላይ ያየው ማነው?» ብለው ከዘራቸውን ክንዴ ላይ ጣሉ።

ከትልቁ ሥዕል ፊት አቆምኋቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ገበያ ነው። ሰው አለ። ቀይ ነገር አለ» አልሁ፤ ጨረስሁ።

«ምን ዓይነት ቀይ?»
ቀይ ነዋ! ቀይ እንዴት ይባላል ሌላ?
«የበርበሬ ነው? የተላጠ ጉልበት? ወይስ የበሰለ ሾላ
ሲገመጥ ውስጡ? ወይስ በጭጋግ ውስጥ፣ የሚኒባስ የኋላ
መብራት?»

ደነገጥሁ። ይኼን ቀይማ አውቀዋለሁ፤
አሥራ አንድ ክረምት ከበር ተንጠልጥዬ ስከተለው ኖሬያለሁ።
ተጠጋሁ። ሁለት ወር ጀርባዬን የሰጠሁትን ግድግዳ ያኔ ገና አየሁ።

«ሴት ናት» አልሁ፤ «ቀዩ ቀሚሷ ነው… ቆይ፣ ዣንጥላ ይዛለች፤
በሌላው ክንዷ ዶሮ ታቅፋ፣ ጥላውን ወደ ዶሮዋ አዘንብላለች፤
አንድ ሽቦ ተነቅሏል። ዶሮዋ ደረቅ ናት። ሴትዮዋ በስብሳለች።»
«ዋጋዋ ስንት ነው?» «የሥዕሏ?» «የዶሮዋ!»
ሳቄ አመለጠኝ፤ ድምፄ ጣሪያ ነካ፤ ዝም በል የሚለኝ
ዘበኛ የት አለ? ዘበኛው እኔው ነዋ!

«ይዘንባል?» አሉ። ፈለግሁ። ሠዓሊው ሰማዩን ባዶ ትቶታል፤
አንዲት ጠብታ የለችበትም። ሴትዮዋ ግን በስብሳለች፤ እንዴት ይሆናል?
«አልሣለውም» አልሁ። «ታዲያ ይኼ የምሰማው?»
ከጥጉ፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር፣ ባልዲያችን ጠብ… ጠብ ይላል።

ስለ ጫማዋ ጠየቁ። ከኋላዋ ስላለው በር።
የፋሲል ግንብ ይታይ እንደሆነም፤ አይታይም። «ተመስገን» አሉ፤ «ሁሉም እሱን ነበር
የሚሥለው።» የዶሮዋ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ጠየቁ፤
«ወደ እርስዎ» ስላቸው፣ ኮሌታቸውን አቀኑ፣ በክብር።

ሰባት ሥዕል ቀርቶናል ስል፣ «ለሚመጣው ቅዳሜ» ብለው ወጡ፤
ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። ረዳቱ «አንድ ሰው!» አለ፣ እንደ ድሮዬ፤
መምህር በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ማታ ደብተሬን ስዘጋ ለሳቸው አንድ ጭረት አሰመርሁ፤
መብራት አጠፋሁ። ተመለስሁ። አበራሁ። አንድ ሌላ ጨመርሁ።

ሰኞ ትብለጥ ገጹን አይታ «ሁለት ሰው መጣ?» አለችኝ።
«አንዱ መምህር ጓንጉል ናቸው።» «ሁለተኛውስ?» አፌ ተያዘብኝ፤
«አንድ የአዘዞ ረዳት» አልሁ።
ሳትጠይቅ ሻይ ቀዳችልኝ።