መሐሉ ያለቀ አንሶላ

አንሶላችን አለቀ፤
መሐል ለመሐል ሳስቶ ሳስቶ ተሰነጠቀ።
ወደ መስኮቱ ብይዘው፣ በስንጥቁ በኩል
የቢቸና ጭቃ፣ የጮቄ ጉም፣ አንዲት በቅሎ ስትንከባለል።

ዳሩ ግን
(ዳሩ ግን ስል፣ እውነቴን ነው፣ ዳሩን ነው)
እንደ ተገዛ ለት ነው፤ ሰማያዊ መስመሩን ፀሐይ እንኳ አልነካው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልተኛበት።

ሁነኛው «ለወለል መወልወያ ይሁን» አለ።
እኔ ደግሞ ሰሞኑን በሶፍት ነገር ተቃጥያለሁ፤
ምንይችል ሱቅ አንዷ ጥቅል ኪሎ ሽንኩርት ታስከነዳለች፣
በርበሬ የነካ ጣት ላይ ተጣብቃ ትቀራለች፣
ከጥፍር ሥር እንደ ተባይ ትለቀማለች።

መቀስ አነሳሁ።
ሜትር ስለሌለኝ በስንዝሬ ነው፣ ሁለት በሁለት፣
ለመታጠፊያው በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ አክዬበት።
ጠመኔዋን ውባለም ከክፍል አምጥታልኝ፦
«ሰርቀሽ ነው?» ብላት፣ ጣራ ጣራ እያየች
«ወድቃ አገኘችኝ» አለችኝ።

የአክስቴ የስንዱ ሲንጀር ከአልጋ ሥር ተሳበች፤
ቀበቶዋ ተበጥሶ በጠፍር የታሰረች፣
ስትሄድ የምታነክስ፣ ስትመለስ የምትሮጥ፣
ዘይት ካላጠጧት አኩርፋ ክር የምትቆርጥ።

የመጀመሪያዋ ጨርቅ አንድ ጎኗ ረዘመ።
የሁለተኛዋ ማዕዘን እንደ ቂም ተቋጠረ፣ ተጠመጠመ።
ሦስተኛዋ ላይ ጣቴን አብሬ ሰፋሁት፤
ደሙ መስመሩ ላይ ጠብ ቢል፣ ሳይደርቅ በምራቄ አጠብሁት።
አራተኛዋ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፤
ጨርቁ ራሱ ነው፣ ሰው አይደለም፣ የነገረኝ፦
እጠፊኝ፣ ደግመሽ እጠፊኝ፣
ካውያ ጫኝብኝ፣
ከዚያ በኋላ ስፊኝ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይሰፋል፣
እኔ ውስጥ ጨርቄን።
እሱ ክሩ አያልቅበትም።
እኔ ሁለት ጊዜ ነጭ አልቆብኝ በአረንጓዴ ጨረስሁ፤
ያየ ሰው አውቃ ነው ይበል።

ቅዳሜ አንሙት መጣ፣ የሁነኛው ወንድም፣ ከባሕር ዳር፣
እኔም በየሰው እጅ አጠገብ አንዳንድ አጥፌ አኖርሁ፣ ከገበታው ዳር።
አንሙት አነሳት፣ አገላበጣት፣ ጠርዟን ዳበሳት፤
«ኧረግ! እንዲህ ያለችውን ጨርቅ ደርሼ በወጥ ላጉድፋት?»
መልሶ አኖራት።
በልቶ ሲያበቃ፣ ማንም ያላየው መስሎት፣
እጁን ቀስ አድርጎ በሱሪው ጠረገ።
ውባለም ሳቋን ውኃ ውስጥ ደበቀችው፣ ብርጭቆው አረፋ ደፈቀ።

ሁነኛው ግን የራሱን አንስቶ ጢሙን ጠረገባት፤
ዓይኔ እያየ፣ ቀይ ወጥ እንደ ማኅተም ታተመባት።
ክፉኛ ደነገጥሁ።
ቀጥሎ ደስ አለኝ። ለዚሁ አልነበር የሰፋሁት?

ሰፋሁ ስል ደግሞ ቋንቋችን ያሾፍብኛል፦
ጨርቅ ነው የሰፋሽው፣ ወይስ አንቺ ነሽ የሰፋሽው? ይለኛል።
ቤታችን ያው ሁለት ክፍል ነው፣ ገበታውም ያው ገበታ፤
ያን ዕለት ግን ሰፋ።
ማን ሰፋው? አልጠየቅሁም።

ከዳሩ ዘጠኝ ወጣ። መሐሉ ቀረ፣
የሁለት ሰው ስፋት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ።
እዚያው ነው የከረምነው፤ በብርዱም፣ በኩርፊያውም ሳይቀር፣
ወደ ዳር የሸሸ የለም፣ ይኸው ጨርቁ ይመስክር።

ለመወልወያ አልሰጠሁትም።
አሥረኛዋን ከእሱ ቆረጥሁ።
ሲንጀሯ ስትነካት ብትተረተርብኝ፣ በእጄ ጠቀምኋት፣ አንድ ማታ ሙሉ።
ሁነኛው «ደህናዎቹ እያሉልሽ?» ይላል።
ለእንግዳ አላወጣትም።
ታጥቤ እጄን ሳደርቅባት
የገዛ ጣቴ፣ ጨርቁን አልፎ፣ ይታየኛል።