አቤት ባይ

ሦስት ወረቀት ይዘን፣ ክንፏ ሥር ተቀምጠን፣
ቦሽትያንና እኔ፣ ዋጋ እያገላበጥን።
ግላይደሯ ግማሿ የእሱ፣ ግማሿ የእኔ ናት፤
ሞተር የማታውቅ፣ ነፋስ የሚያዝላት።
ክንፏ ነጭ ነው። ደመናውም ነጭ ነው።

ያለፈው ነሐሴ፣ ከስቶል ተራራ በላይ፣
አንድ የመንገደኞች ጄት፣ እኛን ጨርሶ ሳያይ፣
አናታችን ላይ አለፈ፤ መስኮቶቹን ቆጠርኩ፣
አሥራ ዘጠኝ ስል ነው ዘንጉን የጨበጥኩ።
ራዳሩ ሲጠይቅ፣ «ማነሽ? ከፍታሽስ?» ሲል፣
ፋይበር ግላሳችን ዝም ነው፣ የሌለ ይመስል።
ለዚህ ነው ትራንስፖንደር የምንመርጠው አሁን፣
ለጠራው ሁሉ «አቤት» የሚል ሳጥን።

የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ያገለገለ፣
ከአሮጌ ሴስና የወጣ፣ ብዙ ሰማይ የዋለ።
ግን ባትሪ ይጠጣል እንደ ሠርገኛ አጎት፣
አራት ሰዓት ሳንበር ሬዲዮው ይሞታል በጥማት።

ሁለተኛው ጥሩ ነው፤ ግን ሰፊ ነው፣ አይገባም፤
ከሃምሳ ሰባት ሚሊ ቀዳዳ ሌላ የለንም።
ፓነሉን መቁረጥ ነው። ፓነሉን ደግሞ
የሠራው ወንድሙ ነው፣ ሳይታመም ቀድሞ።
ይህን ወረቀት አጠፍኩት።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፣ ከቡጢ አይበልጥም፣
ባትሪ ይቀምሳል እንጂ ጠጥቶ አይሰክርም።
ዋጋውን ሳነብለት ቦሽትያን ሳቀ፣
«የሁለት ክረምት ማገዶ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩ ዋጋው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።
አርባ ዓመት አስተናጋጅ ነበር ከሐይቁ ዳር ሆቴል፣
ጣት በተነሣ ቁጥር «አቤት ጌታዬ» ሲል።
«ወደ ላይ የምወጣው፣» አለ፣ «ማንም እንዳይጠራኝ፤
እዚያም አቤት ልበል? እዚያም ሰው ያግኘኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስተኛውን አዘዝኩ፣
ልዩነቱን ከኪሴ፣ ሳልነግረው ከፈልኩ።

አንቴናውን ከሆዷ ሥር፣ ከእግራችን አርቀን
በሚያዝያ ተከልን። ግንቦት ላይ፣ አየሩ ሲሞቅ፣ ወጣን።
ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ትንሿ ቢጫ መብራት
ብልጭ አለች። ደግማ ብልጭ። ከሩቅ ራዳር ጠርቷት።
ቦሽትያን ከፊት ወንበር አንገቱን ሰበር አድርጎ
አያት ጀመር፣ እንደ ነባር አስተናጋጅ፣
የመጀመሪያ ቀኑን እንደሚያይ የአንድ ለማጅ።

ብዙ ዝም አልን። ነፋስ። መስታወቱ ላይ ፀሐይ።
ከዚያ
«ኔዣ፣» አለኝ።
«አቤት፣» አልኩት።
«ምንም። ልጥራሽ ብዬ ነው እንጂ።»