የገደል ልጓም

በኖርዌይ ምዕራብ፣ ባሕሩ እንደ ምላስ
ተራራ መሀል ገብቶ ድንጋዩን ሲልስ፣
ከመንደራችን በላይ አንድ መታጠፊያ አለ፤
የኦላውግ ክርን እንለዋለን፣ እንደ ክርን ስለታጠፈ፣ ስለሾለ።
አጥር አልነበረውም፣ ምልክትም፣ መብራትም፤
አንድ ጎኑ ቋጥኝ ነው፣ አንድ ጎኑ የለም።

ቶርጌር ሠላሳ ዓመት ወተት ሲያመላልስ
እዚያች ክርን አፋፍ ገና ሳይደርስ
ሬዲዮውን ያጠፋል፣ መስኮቱን ያወርዳል፣
ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ እሱ ጆሮ ይሰጣል።
ሁለት ጊዜ ጥሩምባ። ከዚያ እንደ ዓይነ ስውር ጎማው መሬት ዳብሶ
ያልፋል። ካለፈ በኋላ ነው ፉጨቱን የሚጀምረው መልሶ።

እሱ ብቻ አይደለም፤ ቄሱም፣ አዋላጇም፣
ሰርግ ያጀበ ጎረምሳ፣ ቢራ የቀመሰም፣
እዚያ ሲደርስ ሁሉም እግሩ ይለሰልሳል፤
ገደሉ ያለ ደሞዝ ትራፊክ ሆኖ ይሠራል።

ከዚያ እኛ መጣን።
እኔና ሲግባርት፣ መሰርሰሪያና አንድ ጭነት ብረት ይዘን።
ብሎኑን ያጠበቅሁት በገዛ እጄ ነበር፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንድም ሳይቀር።
አስፋልቱን አሰፋን፣ ቢጫ መስመር ቀባን፤
ከንቲባዋ ሪባን ስትቆርጥ አጨበጨብን።
«ከእንግዲህ» አለች «ማንም አይወድቅብንም»።
እውነቷን ነው። ማንም አልወደቀም።

በየካቲት በረዶ፣ የሽማግሌ መዘምራን አውቶቡስ
መሪው እምቢ ብሎ ወደ ገደሉ ሲፈስ
ብረቱ ደረቱን ሰጠው። ያዘው። አቆመው።
አንድ በአንድ ወረዱ፣ የመዝሙር ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው።
ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር እዳስሰዋለሁ።
ይህን ሳልናገር ሌላውን ባወራ ውሸታም እሆናለሁ።

ግን መንገድ ሠራተኛ መንገድ ማንበብ ያውቃል፤
የጎማ ጥቁር ጭረት ከሰው አፍ ይታመናል።
ድሮ ከክርኑ በፊት ነበር፣ ቀጥታው ላይ፣ ርቆ፤
የፈሪ ሰው ጽሕፈት፣ ጠቆር ብሎ፣ ደቅቆ።
ብረቱ በቆመ በዓመቱ ጭረቱ ተሰደደ፣
ወደፊት፣ ወደፊት፣ ክርኑ ውስጥ ወረደ።
ያሰፋንለትን መንገድ ሰው በፍጥነት መነዘረው፤
ያተረፍንለትን ነፍስ በደቂቃ ቸረቸረው።

የቶርጌር መኪናም አዲስ ናት። መስመር ሲስት ትጮኻለች፣
ከፊቷ ነገር ካየች ራሷ ፍሬን ትይዛለች።
መስኮቱ አይወርድም አሁን፤ ወንበሩ ይሞቃል፣
ሬዲዮው ስለ ዓሣ ዋጋ ይለፈልፋል።
በአንድ እጁ መሪ፣ በአንዱ የሾርባ ኩባያ፣
«ምን ተዳዬ!» ይላል፣ «ብረት አለ እዚያ።»

መስከረም፣ ማክሰኞ፣ ጭጋግ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤
የአናጢው ልጅ ራንዲ፣ በብስክሌት፣ ወደ ትምህርት ቤት።

መኪናዋ ጮኸች። ፍሬን ያዘች። ቆመች።
ብስክሌቷ በብረቱና በመኪናዋ አፍንጫ መሀል እንደ መነጽር ተጣጠፈች።
ሾርባው መስታወቱ ላይ፤ ሬዲዮው ገና ስለ ዓሣ።
ራንዲ ብረቱን ዘላ፣ በገደሉ በኩል፣ በሁለት እጇ ሣር ይዛ፣

«ጥሩምባህስ?» አለችው። ጮኻ እንኳ አልነበረም።
«ስሰማ ነበር እኮ። ጥሩምባህ አልመጣም።»

ማታ ቤቴ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤
«ንቀልልኝ» አለኝ «ያን ብረት»፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።
አልነቅልም። መዘምራኑ አሉ።
ግን ስለዚያ ሣር ምን ልበለው? ብረቱ ለሱ ነው፤ ከብረቱ ጋር ለተጣበቀችው ማን አለ?

ልጓሙን ከልባችን ፈትተን ለገደሉ አሰርንለት፤
ገደሉማ እዚያው ነው። መች ጋልቦ ያውቃል ከጥንት?

ለአንድ ወር በየማለዳው ከደጄ ቆሜ ሁለት ጥሩምባ ሰማሁ።
በኅዳር አንድ።
ዛሬ በረዶ ይጥላል። ቡናዬ ቀዘቀዘ፣ ጆሮ ሰጥቼ ቆየሁ፤
ምናልባት ነፋሱ ይሆናል።