ኮርቻ

ከቦርከና ማዶ፣ ከኑርዬ ቶርኖ ቤት፣
ጊታሬን አስተኛሁ ብናኝ በሞላበት።
«ምኗን ነው ያመማት?» አለኝ እጁን እየጠረገ፤
«ኮርቻዋን ነው» ስለው፣
ሳቀና ዞር ብሎ በቅሎዋን ፈለገ።

ክሩ ነው ጋላቢ፣ እሷ መቀመጫ፣
ርካሽ ብረት ሆና የድምፄ መስመጫ።
ባዶዋን ስመታት ቃሏን ትሰጣለች፣
አሥራ ሁለት ላይ ስጫን ቃሏን ታጥፋለች።

ከሞተ ቧንቧ ላይ ነሐሱን ሲልጠው፣
ወርቃማው ቅርፊቱ ክንዱን አስጌጠው።
«ቅልጥምም ይሞከር!» ብሎ ደግሞ ሞረደ፤
ተሟገትን ሁለታችን፣ ቀኑም እየሄደ።
ነሐሱ ላይ ክሩ ቃጭል ሆኖ ይጮኻል፤
አጥንት ላይ ሽማግሌ ነው፣ ባጭሩ ያበቃል።
ሦስት ነሐስ፣ ሦስት አጥንት፤
ዕርቁ በዚህ ወረደ።

ካቻቪቴው ዞረ ሩብ፣ የሩብም ቅንጣት፤
አምስቱ ልክ ገቡ፣
ሦስተኛዋ ግን አሁንም ቅያሜ አላት።
«ልጨምር?» አለኝ። ዝም ብዬ
ባቲን ሞከርኩባት፤
ያቺው የፀጉር ጉድለት ልክ ቦታዋ ገባች።

መብራት ሄደ። ቶርኖው ቆመ።
የጊታሯ ድምፅ ቀጠነ፣ ራቀ በጨለማ፤
ኑርዬ ጆሮውን ጥሎ፣
«በቅሎዋ መጣች» አለ፣ «ኮቴዋ ተሰማ።»