የተረፈው አንድ

ከለገሐር በታች፣ በቀትሩ ሐሩር፣
ከጎኔ ተጣብቃ ታርጋ ስትደምር፣
«አባ፣ ያኛው ባጃጅ፣ ለሦስት ብናካፍል
አንድ ይተርፈናል፤
ለማን ነው የሚውል?»

አራት ዓመት ተኩል።
ጫማዋን አሁንም ታጠልቃለች ገልብጣ፣
ግራውን በቀኝ እግር፤ ቁጥር ግን ሲመጣ
በሦስት ቋንቋ ነው፦ ባማርኛ ጀምራ፣
በእናቷ ኦሮምኛ ሃያን ተሻግራ፣
መቶን በሶማልኛ ትዘጋለች ቆጥራ፣
ከጎረቤታችን ከሻይ ሻጯ ተምራ።

የሰፈሩ ልጆች ኳስ እያንከባለሉ
«ረምላን አትጥሯት፣ ታርመናለች» አሉ።
ሰምቼ ዝም አልኩኝ፤
ኮራሁ፣ እንደ ሞኝ።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ብሩን በመሐረብ
ኢፍቱ ቋጠረችው፤ ወጣን ልናስመዝግብ።

ከዚራ ነው አንዱ፣ ከኒሞቹ ጥላ፤
ግድግዳው ላይ ዝሆን፣ ቀለሙ የሞላ።
ዳይሬክተሩ መጣ፣ ክራቫት አጥብቆ፣
በዚያ ሙቀት መሐል፤ ካንዱ ካንዱ ጠይቆ፣
«ስንት ትቆጥራለች? ማንበቡስ? መጻፉስ?»
መልሷን ሲሰማ ጊዜ ወንበሩ አልበቃው፣ ተነሣ እስኪያልበው ድረስ።
«መዋዕለ ሕፃናት ለሷማ ያንሳታል፤
አንደኛ ትግባልን፤ ፎቶዋ በባነር በር ላይ ይሰቀላል።»

እኔ ፎቶውን አየሁ፣ በር ላይ ተሰቅሎ፣
ሙሉ ድሬ ሲያየው፣ «የማን ናት?» ተባብሎ።
ኢፍቱ ክፍያውን አየች።
ረምላ ዝሆኑን አየች።
«እግሩ ሦስት ነው» አለች።
ማንም አልሰማትም።

ሳቢያን ያለውን አላወራም ብዙ፦
ሰባ ልጅ ባንድ ክፍል፣ «ሀ» ሲባል «ሀ» የሚል፤
ረምላ ደጁ ላይ ጆሮዋን ደፈነች፤
ተመለስን።

ሦስተኛውን ከቶ ትምህርት ቤት አላልኩትም፤
ደቻቱ ዳር ያለ፣ ቀለም ያልጎበኘው አንድ የቆርቆሮ በር፣
አንድ የግራር ጥላ፣ አሸዋ የሞላ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል።
«ጎርፍ ቢመጣስ?» አለች ኢፍቱ።
መምህርት ዘምዘም የግንቡን ከፍታ
በክንዷ ለካችላት፣ ድንጋዩን ተጠግታ።

እኔ ወረቀቴን ዘረጋሁ በኩራት፣
ፊደሉን፣ ድምሩን፣ የቋንቋውን ብዛት።
አላነበበችውም። ቀና ብላ አየችኝ፣
«ምን ያስቃታል?» አለችኝ።

ኢፍቱን አየኋት፤ ኢፍቱ እኔን አየች።
ካራት ዓመት ተኩል አንድ ሳቅ ፈለግሁ፤
ቁጥሩን ሁሉ ሳውቅ፣ ይህን አላወቅሁ።

ዝምታው መሐል ልጄ ጠየቀች፦
«ደቻቱ ሲደርቅ ውሃው የት ይሄዳል?»
መምህርት ዘምዘም አሰበች።
የምር አሰበች፣ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ።
«አላውቅም» አለቻት። «አካፋ አለ እዚያ፤
ቆፍረን እንየው።»

እዚያው አስገባናት። ልዋሽ አልችልም፣
የፎቶውን ነገር እስካሁን አልተውኩም፤
በከዚራ ሳልፍ ያ ባነር ያየኛል
በሌላ ልጅ ዓይን።

ትናንት ልወስዳት ከበሩ ስደርስ
አሸዋው ከጸጉሯ እየረገፈ መጣች፣
ባንድ እግሯ የራሷን፣ ባንዱ የሰው ጫማ፣ ወንድ ልጅ፣ ሰፊ።
«የማን ነው?» ብላት
«የፈርሃን ነው። የኔን እሱ አድርጎ ሄደ፣
ጣቱ በፊት ወጣ!» አለችና ሳቀች፤
ባጃጁ ተናጠ።

መንገድ ላይ ጠየቅኳት፣ ልማዴ ነውና፦
«ክፍል ውስጥ ስንት ናችሁ?»
ታርጋ አለፈ፣ አላየችውም፤ ሌላም አለፈ።
«እንጃ» አለች፣
«አልቆጠርኩም።»