ዘጠኝ ሰዓት

ሳልሚያ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
መጋረጃው ወፍራም፣ መብራት እንዳይታይ፣
ዓርብ ዓርብ በጠዋቱ እንሰበሰባለን፣
ጫማ በር ላይ ትተን ድምፅ እንቀንሳለን።
መዝሙራችን ሹክታ፣ ከበሯችን ጭናችን፤
አከራይ ከሰማ ይፈርሳል ውላችን።

የእኔ ሥራ መዝገብ ነው። ካርቶን ቀድጄ፣ ለጥፌ፣
የሃያ አራት ሰዎች ስም በእስክሪብቶ ጽፌ፣
ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነቃል፤
አንድ ቀለበት ከላላ ሰንሰለቱ ይላቀቃል፤
ይባላል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣
በራሴ ሰዓት ላይ አንቀላፋ ነበር።

ቀላል ቀላሉ ሰዓት ቶሎ ቶሎ አለቀ፤
ማታ ሦስትን፣ ንጋትን ሰው ተነጣጠቀ፤
የሌሊቱ ዘጠኝ ግን ፈላጊ አጣና
ቀረ ባዶ ሆኖ፣ እንደ ሌሊት ጎዳና።

ያኔ ነው የድምፅ መልእክት በስልኬ የገባው፣
ከጀርባው የልብስ ማጠቢያ የሚያጉረመርመው።
"ዳመነች ነኝ፤" አለች፣ "ያለሁት በጃህራ፤
ዓርብ የሚባል የለኝም፣ ሁሉ ቀን ነው ሥራ።
ዘጠኙን ለእኔ ስጡኝ፤ ማዳም የምትተኛው፣
ስልኬንም ከሩዙ ሥር ያን ጊዜ ነው የማገኘው።"

ስሟን ጻፍሁ። በቃ። መልኳን አላየነው።
ሌሊት ሌሊት ስልኬ ሁለቴ ይርገበገባል፤
"ጀመርሁ" ይላል አንዱ፤ አንዱ "ጨረስሁ" ይላል፤
መሐሉን ማን ያውቃል?
አልፎ አልፎ ብቻ፣
"የባሎቴ ቁስል ጠገገ ወይ?" ትላለች፤
"የኤርጃቦ ልጅስ ፈተና አለፈች?" ትላለች፤
እኛ ጎን ለጎን ተቀምጠን የረሳነውን
እሷ ታስታውሰናለች።

አንድ ሌሊት ስልኬ ዝም አለ። ሁለተኛም።
ሦስተኛ። አምስተኛ። ሳምንት። ድምፅ የለም።
ዓርብ "ጠፍታ ይሆናል" ያለ፣ "ታስራ" ያለም አለ፤
አንዱ "ኤምባሲ" አለና ሳይጨርስ ዝም አለ።
ደወልን፣ ደጋገምን፤ ጥሪው አልተነሳም፤
ቤቷን የሚያውቅ የለ፤ የአባቷን ስምም።

"ስሟን እንዳትሰርዝ፤" አለችኝ ባሎቴ፣
"ስንት ሌሊት ቆማለች ስለዚህች ጉልበቴ!"
ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እስክሪብቶው በእኔ እጅ፤
"እይዘዋለሁ" አልሁ፤ አፍሬ ነው እንጂ
እምነት አልነበረም።

የመጀመሪያው ሌሊት ኤሲው ያንጠባጥባል፤
የቆሻሻ መኪና ከውጭ ያቃስታል፤
"አባት ሆይ" አልሁና ቃሉ አለቀብኝ፤
አምስት ደቂቃ እንኳ ዓመት ሆነብኝ።

በሁለተኛው ሌሊት ካርቶኑን ገንጥዬ
ከላይ ወደ ታች ወረድሁ፣ "ባሎቴ" ብዬ፣
"ኤርጃቦ" ብዬ፣ "ልጁ" ብዬ፣ ቀስ ብዬ።
ከስሙ ሥር ቁስል፣ ከቁስሉ ሥር ሰው፤
ለካ ይህን ነበረ እሷ የምትይዘው።
ወንበሩ መስሎኝ ነበር፣ መጋረጃው፣ ውሉ፣
ዓርብ ዓርብ የሚያቆመን፤ አይደለም በሙሉ፤
በር የተዘጋባት፣ ከማሽኑ ጥግ ሥር
አንዲት ሴት ተንበርክካ ተሸክማን ነበር።

አራት ወር አለፈ። ረቡዕ ሌሊት፣ በጸጥታ፣
ስልኬ ተርገበገበ። ቁጥሩ የአገር ቤት ነው፤ ድምፁ ግን ያው ሹክታ፤
በገዛ አገሯ እንኳ መጮህ አልለመደች።
"ደርሻለሁ" አለች።
በሩን ማን ከፈተ? ደመወዝሽስ? ሻንጣሽ?
አልጠየቅሁም፤ እሷም አላወራች።
"ለመሆኑ" አለችኝ፣
"ዘጠኝ ሰዓቴን ማን ያዘልኝ?"

ግድግዳውን አየሁ።
ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነበር።